ዘርፈሽና የእህቴ ዳክዬዎች

ዘርፈሽ የተወለደችበትን ቀን አታውቅም። የመኖሪያ ወረቀቷ ላይ የሰፈረው ጃንዋሪ አንድ ነው፤ ይህ ግን የልደት ቀን ሳይሆን የቸኮለ ጸሐፊ የሚሞላው ነገር ነው። እኔ በምሠራበት ክሊኒክ የመዝገብ ክፍል ካሉት የሐበሻ ፋይሎች ግማሽ ያህሉ ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ስለ እርሷ የምጽፈው ራሷ የነገረችኝን ወይም በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። ሁለቱንም በቅናት ነው የሰማሁትና ያየሁት። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ሌላው ሁሉ ትክክል አይሆንም።

የእስቴ ገጠር ልጅ ናት። በመተማ በኩል ተሻግራ የመጀመሪያውን ዓመት በገዳሪፍ የሰሊጥ አጨዳ ላይ አሳለፈች፤ ከዚያ ካርቱም ገባች። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ተቀጠረች። እዚያው ቪላ ወጥ ቤት ውስጥ ታናሽ እህቴ ሉሊት ትሠራ ነበር። ሉሊትን ወደ ካርቱም ያስመጣኋት እኔ ነኝ፤ እንድትማር ብዬ ነበር። እርሷ ግን ሁለት ወር ተምራ «ዮሲዬ፣ እኔ እንዳንቺ ወረቀት ላይ ተደፍቼ መዋል አልችልም» ብላ ሥራ ገባች። ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ነበራት። እኔ ምሳ ሠርቼ እጠብቃለሁ፤ እርሷ ካላክላ ሰፈር፣ ዘርፈሽ የተከራየቻት ክፍል ውላ ሲመሽ ለአንድ ሰዓት ብቅ ትላለች። «ዘርፈሽ እንዲህ አለች፣ ዘርፈሽ እንዲህ አደረገች» እያለች ትስቃለች። ዘርፈሽን በአካል ሳላያት ነው የጠላኋት።

ዳክዬዎቹ የቪላው ልጆች መጫወቻ ነበሩ። በግቢው ውስጥ በሴራሚክ የተሠራች ትንሽ የውሃ ገንዳ ነበረች፤ እዚያ ይንሳፈፋሉ። በ2011 ዓ.ም. ቤተሰቡ ዕቃውን ሸጦ ወደ ገልፍ ሊሄድ ሲነሣ እመቤቲቱ ሾፌሩን «እረዳቸውና ለዘበኞች ስጣቸው» አለችው። ሉሊትና ዘርፈሽ ሾፌሩ ቢላዋ ሲስል አዩ። ዘጠኙንም ዳክዬ በሁለት የቴሌቪዥን ካርቶን ከተው በጓሮ በር ወጡ።

ያን ቀን የሆነውን የሰማሁት እህቴ ከሞተች በኋላ ነው፤ ያውም ከዘርፈሽ። ቪላው ካለበት ከባሕሪ እስከ መሐል ከተማው ገበያ፣ ሱቅ ዐረቢ፣ በአንድ ሚኒባስ፣ ከሱቅ ዐረቢ ካላክላ በሌላ። ሁለተኛው ላይ ሊሳፈሩ ሲሉ ረዳቱ፣ እዚህ ኩምሳሪ የሚሉት፣ ከካርቶኑ ውስጥ ድምፅ ሰማ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰዎች ናቸው» አለችው ሉሊት።

«ሰዎች ከሆኑ ይቀመጣሉ ወይስ ይቆማሉ?»

«ሕፃናት ናቸው፤ ጭን ላይ ነው የሚቀመጡት።»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። አንዲት ዳክዬ ግን የካርቶኑን ክዳን ገፍታ ወረደችና በለውዝ ሻጮቹ መካከል ሮጠች። አንድ ፖሊስ ቆቡን ጥሎባት ያዛትና «ወረቀት አላት?» አለ። ሉሊት ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠች። ያቺ ዳክዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹርጣ፣ በዓረብኛ ፖሊስ፣ ተባለች። ዘርፈሽ ይህን ስትነግረኝ እኔም ሳቅሁ። ዓርብ ማታ ቤቴ ስትመጣ ግን እህቴ ይህን ሁሉ ለእኔ አላወራችልኝም ነበር። ያን ዓርብ ምን እንዳወራን አስታውሳለሁ፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድ እድሳት ነው ያወራነው።

ከካላክላ ወደ ደቡብ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ነጭ ዓባይ ተጠግቶ የሐጅ ሙባረክ እርሻ አለ። ጀርጂርና ሙሉኺያ የሚባሉ ቅጠላ ቅጠሎችን ያመርታል። በመሐሉ ከወንዙ በፓምፕ የሚሞላ ኩሬ አለ፤ የእግር ኳስ ሜዳ እኩሌታ ይሆናል። ዘርፈሽ እዚያ አትክልት ለመኮትኮት ተቀጠረች፤ ዳክዬዎቹም ኩሬው ላይ እንዲኖሩ ተፈቀደ። እንቁላሉ ለሐጅ ሙባረክ ሚስት ለሐጃ ሉጥፊያ እንዲሆን ተስማሙ። ለእኛዎቹ ይህ ምንም አላጎደለም። ዳክዬ የጣቶቿ መካከል በቆዳ የተያያዘ ነውና አንበላትም፤ እንቁላሏንም አንነካም። የካላክላ ሐበሾች ግን መሣቂያ አደረጓቸው። ጎረቤታቸው አበባ፣

«አይበሉ፣ አይሸጡ! ምን ልታደርጊያቸው ነው? ክርስትና ልታነሺያቸው ነው?» አለቻት።

«ስም አውጥተንላቸዋል» አለች ዘርፈሽ፤ «የቀረው የቄሱ ነው።»

ዘርፈሽ ከዚያ በፊት ዳክዬ አርብታ አታውቅም። የተማረችው እያጣች ነው። የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ጭልፊት በጠራራ ፀሐይ አንድ በአንድ ለቀመባት። ከዚያ ወዲህ እናቲቱን ከነጫጩቶቿ በሙዝ ቅጠል ዳስ ሥር ማዋል ጀመረች። ቀጥሎ ቀበሮ መጣ፤ ሌሊት ዳር ላይ የሚተኙትን ወሰደ። ያኔ እርሷና ሉሊት ስምንት ባዶ ጀሪካን አፋቸውን ደፍነው አሰሩና በላዩ የቴምር ግንድ ሳንቃ አነጠፉበት፤ ኩሬው መሐል የሚንሳፈፍ መደብ ሆነ። በድንጋይ መልሕቅ አቆሙት። ቀበሮ እስከዚያ ድረስ መዋኘት አይወድም። አርጃኖ ግን ይዋኛል። እዚህ ወረል ይሉታል፤ ሦስት ክንድ የሚረዝም፣ ጅራቱ እንደ አለንጋ የሚገርፍ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያድን እንሽላሊት ነው። ለእርሱ ብላ በመደቡ ዙሪያ የግራር እሾህ አጥር ሠራች። እሾሁ ከውሃው በታች ሁለት ክንድ ይጠልቃል። አንዲት በር ብቻ ተወች። የበሩን ስፋት የለካችው በጣም የወፈረችውን ዳክዬ ብብቷ ሥር ይዛ ነው፤ ያቺን ማዳም ይሏታል፣ በቪላው እመቤት መጠሪያ። ማዳም የምታልፍበት ቀዳዳ ለአርጃኖው ትከሻ ይጠባል። ማታ ማታ፣ ፀሐይ ቀይ ስትሆን፣ ዳር ቆማ በምላሷ «ድክ ድክ ድክ» ትላለች። ሁሉም ተሰልፈው በበሩ ገብተው መደቡ ላይ ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ በትክክል የምጽፈው ጠይቄ፣ ደግሜ ጠይቄ ስላረጋገጥኩ ነው። መደቡ የተሠራ ጊዜ እኔ አንድም ቀን እርሻው አልሄድኩም ነበር። ሉሊት ስትጠራኝ «ዳክዬ ለማየት ነው የምመጣው?» እላት ነበር።

ሉሊት ኅዳር 2014 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሞተች። የተኛችው እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ነው። በመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት በኋላ የመኖሪያ ፈቃዷን ቅጂ ከፋይሏ ላወጣ ወደ ታችኛው ፎቅ ወርጄ ነበር። ያን ዕለት መሠራት የማያስፈልገው ሥራ ነበር። ስመለስ ዘርፈሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ይዛለች፤ እህቴ አልፋለች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«‹አስገባሻቸው?› አለችኝ። ‹አስገብቻለሁ› አልኳት።»

ሌላ ምንም አላለችም። እኔን አልጠራችም። ይህን ቃል በቃል ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

ልብሷ፣ ስልኳ፣ ወረቀቶቿ ለእኔ ደረሱ። አሥራ አንድ ዳክዬ ግን ኩሬው ላይ ቀረ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ዓርብ ዓርብ እርሻው መሄድ ጀመርኩ። ዳር ላይ ስደርስ ሁሉም ክንፋቸውን እያራገቡ ወደ ማዶ ይሸሻሉ። ዘርፈሽ ኮቴዋ ሲሰማ ይመለሳሉ፤ ጫማዋን ይነካካሉ፤ አንዲቱ የቀሚሷን ጠርዝ ትጎትታለች። የምትወዳቸው የነበረችው ሉሊት የእኔ እህት ናትና ይህ ፍቅር ለእኔ ይገባ ነበር፤ እንዲህ ነበር የሚሰማኝ። ዘርፈሽ በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ ቆማ ሻይ ትቀዳልኛለች፤ ስለ እህቴ የማላውቀውን ትነግረኛለች። አንዳንዱን ከዚያ በፊት የማውቀው አስመስዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የነገረችኝን እደግመዋለሁ፤ ከእኔ ጋር ካሳለፈቻቸው ዓርቦች ጋር አስተያያለሁ። ሁልጊዜ የዘርፈሽ ይበልጣል።

በመጋቢት ወር ሁለት ዳክዬ ጠፋ።

«የትኞቹ?» አልኳት።

«ድምፃዊቷና አንዷ ልጇ።»

«በምን አወቅሽ? ሁሉም ነጭ ናቸው።»

«በአካሄዳቸው። በድምፃቸውም» አለች። «አርጃኖው ቀን ላይ ደፍሮ መጥቷል፤ መደቡ ላይ ሳይገቡ፣ ማዶ ሸምበቆው ውስጥ ሳሉ። ከነገ ጀምሮ ቀኑንም በዚያ በኩል እኮተኩታለሁ።»

እኔ ግን አላመንኳት። አሥራ አንድ የነበረ ዘጠኝ ሆኗል፤ ማስረጃው የእርሷ ቃል ብቻ ነው። ሸጣቸው እንደሆነስ? ነጭ ዳክዬ ከሌላ ነጭ ዳክዬ ጋር ተቀያይሮ ቢሆንስ? የትኛዋ ሹርጣ፣ የትኛዋ ማዳም እንደሆነች እርሷ ብቻ የምታውቅ ከሆነ የእህቴ የሆነውን ሁሉ የያዘችው እርሷ ናት ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ከክሊኒኩ ዘጠኝ የታካሚ ማሰሪያ ይዤ መጣሁ፤ ተኝቶ የሚታከም ሰው አንጓ ላይ የምናስረው፣ አንድ ጊዜ ከቆለፈ በመቀስ ካልሆነ የማይፈታው ነጭ ፕላስቲክ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ጻፍኩበት።

ዘርፈሽ ማሰሪያውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የሉሊትም እጅ ላይ ያው ነበር።

«እትዬ ዮሳቤጥ፣ አይሆንም» አለች። «እግራቸው ላይ ነገር አይወዱም። ደግሞም በበሩ የሚገቡት ተጣበው ነው።»

«ሰው ሁሉ የሚያስረው ነው።»

«ሰው በእሾህ መሐል አይገባም።»

«ዘርፈሽ፣ የማን እህት ነበረች?»

ዘርፈሽ «ድክ ድክ ድክ» ብላ ጠራቻቸውና አንድ በአንድ ብብቷ ሥር እያቀፈች አቀረበችልኝ። አሰርኩ። የማሰሪያው ትርፍ ጫፍ እንደ ጅራት ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። በሥራ ላይ ቢሆን ትርፉን እንቆርጠዋለን። እዚህ አልቆረጥኩትም፤ ቁጥሩን የጻፍኩት እዚያ ላይ ስለነበር፣ ከሩቅም እንዲነበብልኝ ስለፈለግሁ። ስጨርስ አንድ ነገር ጨመርኩ፦

«ከዚህ በኋላ አንድ ቢጠፋ ወደ ካፉሪ እወስዳቸዋለሁ። ዘሊካ የምትባል የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ ግቢዋ አጥር አለው፣ የሲሚንቶ ገንዳም አለው። አርጃኖ አይገባም።»

ዘርፈሽ የያዘቻትን ዳክዬ ሳትለቅ ቆየች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «የእርስዎ ናቸው።»

ሦስት ዓርብ ደህና አለፈ። ዳር ላይ ቆሜ ቁጥሮቹን በማየት ብቻ የትኛዋ የት እንዳለች አወቅሁ። ሰባት ቁጥር ከስድስት ጋር ትዋኛለች፤ ሁለት ቁጥር ብቻዋን ናት። ዘርፈሽን ሳልጠይቅ ስለ እህቴ ዳክዬዎች አንድ ነገር አወቅሁ፤ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ ወዲህ የመጀመሪያው ደስታዬ ነበር።

በአራተኛው ዓርብ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ስደርስ ስድስት ነበሩ። ሦስት፣ አራትና ስምንት ቁጥር የሉም። ዘርፈሽ ግራ ክንዷን በሻሽ ጠቅልላለች።

«ሦስት ሄዱ» አለች። «ረቡዕ። ሳይመሽ።»

«ክንድሽ ምን ሆነ?»

«ሽቦ ነካኝ።»

«መደቡ ላይ ሳይገቡ ነው?»

«በር ላይ።»

«አጥሩ አስተማማኝ ነው ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ እኮ ነሽ። በሩ ጠባብ ነው፣ ከማዳም የሰፋ አያልፍም ብለሽ ነበር።»

ዝምታዋን ጥፋቷን እንደማመን ወሰድኩት። በልቤ አንድ የሚያሳፍር ነገር ነበረ፤ ሦስቱ በመሞታቸው ከማዘኔ ይልቅ እርሷ በመሸነፏ ረካሁ። ወደ አስፋልቱ ወጥቼ አንድ ባጃጅ፣ እዚህ ሪክሻ የሚሉትን፣ አመጣሁ፤ ከገበያው ሁለት ትልልቅ የዶሮ ቅርጫት ገዝቼ ጫንኩ። ሹፌሩ እርሻው በር ላይ ቆመ።

ስመለስ ዘርፈሽ አልጠፋችም፤ አላለቀሰችም። በአንድ እጇ የተፈጨ ማሽላ በጆንያ እየሞላች ነበር።

«ይሄ እስከ አሥር ቀን ይበቃቸዋል» አለች። «አዲስ ውሃ ላይ መጀመሪያ አይበሉም፤ አይደንግጡ። ሹርጣንና ማዳምን አንድ ቅርጫት ውስጥ አያድርጓቸው፤ ይነካከሳሉ። ትንሿ ብቻዋን አትተኛም፤ ከሁለት ቁጥር ጋር ያስጠጓት።»

ቁጥሬን ተማረች። ለእኔ ስትል ቁጥሩን ተምራለች። ያን ጊዜም ቀናሁ፤ እኔ ስሞቹን አልተማርኩም ነበርና።

ሐጃ ሉጥፊያ ከቤቷ ወጣች። ነጭ ቶቧን፣ እንደ ነጠላ የምትጠቀለልበትን፣ አጣፍታ ወደ እኛ መጣች። ዘርፈሽን ዘሪፋ ነው የምትላት።

«ምንድን ነው ይሄ ቅርጫት? አንቺ ዘሪፋ፣ ሸጥሻቸው?»

«እህትየዋ ትወስዳቸዋለች፣ ሐጃ።»

«እንዴት ትወስዳለች? ወላሂ፣ ረቡዕ ዕለት ሬሳሽን የምናወጣ መስሎኝ ነበር እኮ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓረብኛዋን ቀስ አድርጋ ተናገረች፣ እንዲገባኝ። «አንዲቷ በሩ ላይ ተያዘች። እግሯ ላይ ባለው ነጭ ነገር። ተንጠለጠለች። ሌሎቹ ከኋላዋ ናቸው፤ መግባት አልቻሉም። ወረሉ መጣ። ይቺ ዕብድ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ውሃው ውስጥ ገባች፤ እስከ ደረቷ። በዶማ ትመታዋለች፤ እርሱ በጅራቱ ይገርፋታል። ሁለቱን ወሰደ፤ የተንጠለጠለችውም ሞተች። ክንዷን አሳይታሻለች? አሳዪያት!»

«ሐጃ፣ ተዪው» አለች ዘርፈሽ።

ጫማዬን አወለቅሁ። እስከዚያ ቀን ኩሬው ውስጥ እግሬን አስገብቼ አላውቅም። ጭቃው ለስላሳ ነበር፤ ውሃው እስከ ብብቴ መጣ። አጥሩ አንድ ጎኑ ዘምሟል። በሩ አጠገብ አንድ እሾህ ላይ ነጭ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። ቁጥር አራት። ትርፍ ጫፉ እሾሁ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጠብቋል፤ ቁልፉ አልተከፈተም። እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። በማሰሪያው ውስጥ ትንሽ ብጫ ቆዳ ቀርቷል። የእጅ ጽሑፌ ግልጽ ነበር፤ ምንም አልደበዘዘም።

ማንም አልከሰሰኝም። ሐጃ ሉጥፊያ ነጩ ነገር ምን እንደሆነና ማን እንዳሰረው አታውቅም። ማሰሪያውን በእጄ ጨብጬ ብወጣ፣ ቅርጫቱን ብሞላ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዘርፈሽ የምትናገር ሰው አይደለችም። ከእህቴ የቀረውን ነገር ሁሉ ከዚህች ሴት ወስጄ ካፉሪ ማስቀመጥ እችል ነበር። ለአንድ አፍታ ፈለግሁ።

ወጣሁ። «ዘርፈሽ» አልኩ፤ «ማሰሪያው ነው። እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ ቀን ነግሬዎታለሁ።»

«ዛሬስ? ልወስዳቸው ሪክሻ ሳመጣ?»

«ካፉሪ እሾህ የለም» አለች። «ማሰሪያው እዚያ አይጎዳቸውም። ብናገር እርስዎ ይናደዳሉ፣ እኔም እናደዳለሁ፣ ነገር ይረዝማል። እነሱ ደግሞ ከዚያ አርጃኖ ጋር አንድ ምሽት ይጨምራሉ። አጥሩን በአንድ እጄ ማቅናት አልቻልኩም። ይሂዱ አልኩ።»

ለሁለት ቀን ይህን ስታሰላ ቆይታለች ማለት ነው። እኔ ዳክዬዎቹን ከእርሷ ለመውሰድ ስፈልግ እርሷ ዳክዬዎቹን ከአርጃኖው ለማስጣል ለእኔ ልትሰጥ ወስናለች። እህቴ ለምን ወደዚህች ሴት ቤት ትሄድ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። መግባቱ ግን ቅናቴን አልቀነሰውም፤ እንዲያውም ምክንያት ሰጠው።

ሪክሻው ጡሩንባ ነፋ። «ያላ፣ እንሂድ እንጂ፣ ኡስታዛ! ልትሄጂ ነው ወይስ ልታገቢ?»

«ሂድ» አልኩት። «ቅርጫቶቹን አውርድና ሂድ።»

«ዳክዬዎቹስ?»

«አይሄዱም።»

ዘርፈሽ ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አላመሰገነችኝም፤ ማመስገንም አይገባትም ነበር። «እንግዲያው ሳይጨልም አጥሩን እናቃና» አለች። «እርሱ ዛሬም ይመጣል። ሁለት ቀን በልቶ ተኝቷል፤ ይርበዋል።»

መጀመሪያ ማሰሪያዎቹን ቆረጥን። ጠራቻቸው፤ መጡ። በጤናማ ክንዷ እያቀፈች አንድ በአንድ ያዘችልኝ፤ እኔ በቦርሳዬ ካለው የክሊኒክ መቀስ ቆረጥኩ። ስቆርጥ ስማቸውን ትናገራለች፤ ሁለት ቁጥር ሹርጣ ነበረች፣ አንድ ቁጥር ማዳም። ስድስት ቁጥር ኩምሳሪ ይባላል፤ ወንድ ነው፣ ከኋላ ቆሞ ሌሎቹን ይገፋል። ሰባት ቁጥር በስሟ ስትጠራ የምትመጣው ለሉሊት ብቻ ነበርና እህቴ ከሞተች በኋላ ዘርፈሽ በስሟ ጠርታት አታውቅም።

«ምን ነበር ስሟ?» አልኩ።

«ዮሲ» አለች ዘርፈሽ፤ ዓይኗን ከዳክዬዋ እግር ላይ ሳታነሣ። «ትኮራ ነበር፤ ጠርተዋት ቶሎ አትመጣም።»

መቀሱን ያዝኩና ቆየሁ። ሉሊት ለብቻችን ስንሆን የምትጠራኝ በዚያ ስም ነው። ከዚያ ቆረጥኩ፤ ሥራ ስለነበረን።

ሁለታችንም ውሃው ውስጥ ገባን። እርሷ ክንዷን ከውሃው በላይ ይዛ ታዝዛለች፤ እኔ የዘመመውን እሾህ ወደ ቦታው እገፋለሁ። ጣቶቼ ደሙ። «ወደ ታች! ገና ነው፤ ጭቃው እስኪይዘው። አይ እትዬ፣ ለስላሳ እጅ!» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችብኝ። በሩን ለመለካት ማዳምን አመጣች፤ ማዳም በጩኸት ገባች፣ በጩኸት ወጣች። አንድ ቅርንጫፍ ግን ሥሩ ተሰብሮ ስለነበር አልቆም አለ። ካልያዙት ተመልሶ በሩን ይዘጋዋል። ነገ በሌላ ይተካል፤ ዛሬ ግን ዳክዬዎቹ እስኪገቡ ሰው ይዞት መቆም አለበት።

«እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ።

ፀሐይዋ ከወንዙ ማዶ ቀላች። ዘርፈሽ ወጥታ ዳር ላይ ቆመች። «ድክ ድክ ድክ።»

ተሰልፈው መጡ። ሹርጣ ከፊት ናት። እኔ ቅርንጫፉን በሁለት እጄ ወደ ጎን ስቤ፣ ውሃው ደረቴን እየመታ፣ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሦስት ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ። አዩኝ። ሹርጣ አንገቷን አሰገገች፤ ከዚያ ዞረች። ሌሎቹም ዞሩ። ማዶ፣ ሸምበቆው ሥር፣ ውሃው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ብቅ ብሏል።

እኔም «ድክ ድክ ድክ» አልኩ። ከእርሷ ድምፅ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን የተቻለኝን አደረግሁ። ሰባተኛዋን በስሟ፣ በስሜ፣ ጠራሁ። ይበልጥ ራቁ።

«እትዬ ዮሳቤጥ!» ዘርፈሽ ከዳር ጮኸች። «ራቅ ይበሉ! እርስዎን ፈርተው ነው!»

«ቅርንጫፉስ?»

«በሻሽዎ ይሰሩትና ይራቁ! ቶሎ!»

ሻሼን ከራሴ አወለቅሁ። የሉሊት ሻሽ ነበር፤ ከዕቃዎቿ መካከል ለራሴ ያስቀረሁት ነው። ቅርንጫፉን ከሳንቃው ጋር ሁለት ዙር አሰርኩና ጫፉን ወደ ውስጥ ወሸቅሁት፤ አንድም ክር እንዳይንጠለጠል በጣቴ ፈተሽኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ። አምስት እርምጃ። ዘርፈሽ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ገና ነው። አሥር እርምጃ። ውሃው ወደ ወገቤ ወረደ።

እንደገና ጠራቻቸው። ጭንቅላቱ ወደ እነሱ እየቀረበ ነበር፤ ከኋላው ቀጭን መስመር ውሃው ላይ ይሳላል። ሹርጣ አንዴ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ውሃውን ሰንጥቃ ወደ በሩ ሄደች። ማዳም፣ ትንሿ፣ ሌላዋ። ኩምሳሪ ሰባተኛዋን በደረቱ ገፋት፤ ቆም አለች፣ ከዚያ ገባች። እርሱም ገባ።

አርጃኖው አጥሩ ጋ ደርሶ ዞረ፤ ዞረና በእሾሁ ሥር ጠለቀ፤ ወጣና እንደገና ዞረ። ዘርፈሽ ዶማውን ይዛ ዳር ቆማለች። እኔ በቆምኩበት ቆየሁ። ከዚያ ወደ ሸምበቆው ተመለሰ።

«ስንት ናቸው?» ብዬ ጮህኩ፤ ከቆምኩበት አይታየኝም ነበር።

«ስድስት» አለች።

አመንኳት።